በስም የከበደ ወንበር

ይህን ስነግራችሁ የምትስቁ ትኖራላችሁ። ሳቁ። ውሸት ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ የማርደው በግ ሁሉ ሥጋው ይሽተትብኝ፤ እኔ ደግሞ በግ ጠብሼ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ መሐላዬ ቀላል አይደለም። አንዲት ነገር አልጨመርኩም።

ራዶይካ የጣውላ ቆራጭ ልጅ ናት። ግንድ ተንከባሎ ወገቧን ከመታት ወዲህ እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ክንዷ ግን የአባቷ ነው። በተዋሰችው አሮጌ ወንበር፣ ከሥሩ አንድ ስኪ፣ ማለት የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላ፣ ባለው፣ ቁጭ ብላ በረዶው ላይ ስትከንፍ አንድ አሠልጣኝ አያት። «የራስሽ ወንበር ካለሽ ለብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ አስመዘግብሻለሁ። ዕድሉ ግን ይኸው አንዱ ነው» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

መንደሩ የወንበሩን ዋጋ ሊያዋጣ ተነሣ። እኔ በግ ጠበስኩ፣ የአዳኞች ማኅበር ሊቀ መንበሩ ጋቭሪሎ የፕሪም አረቄ በበርሜል አወጣ፣ አክስቴ ዶስታና ዶሮዋን ለዕጣ ሰጠች። ተጨፈረ፣ ተሰከረ፣ ገንዘቡ ሞላ። ወንበሩ ከውጭ መጣ። አቤት ቅለቱ! በአንድ እጅ ስታነሣው ድመት ያቀፍክ ይመስልሃል።

ጋቭሪሎ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ስማችንስ የታለ?» አለ።

እውነቱን ነው። በእኛ በሞንቴኔግሮ ተራራ ምንጭ ያሠራ ሰው ስሙ ከውሃው በላይ ድንጋይ ላይ ይቀረጻል፤ ለደወል የሰጠ ደወሉ ላይ። ስም የሌለበት ስጦታ የተሰረቀ ዕቃ ይመስለናል። ስለዚህ ቩኮማን ተጠራ። ቩኮማን የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ነው፤ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አያውቅም። ለየቤቱ የናስ ሰሌዳ ሠራ፦ መስቀል፣ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ከዚያ ሰረዝና ባዶ ቦታ።

«ምነው ቩኮማን፣ በቁማችን ልትቀብረን ነው?»

«ቦታ ትቼላችኋለሁ። ልጆቻችሁ ድጋሚ አይከፍሉኝም፤ አመስግኑኝ!»

የጋቭሪሎ ሰሌዳ የሻይ ትሪ አከለ። ጎረቤቱ ይህን ሲያይ ከዚያ የሚበልጥ አሠራ። አንዱ ለሞተው አባቱ፣ አንዱ ጀርመን ላለው ልጁ ጨመረ። መቀመጫው ሞላ፣ ጀርባው ሞላ፣ ወደ ሥሩ ተወረደ። ቩኮማን ደግሞ በብሎን አያስርም፤ ሚስማር ከዚህ አስገብቶ ከዚያ ይጠፈጥፈዋል። የዕድሜ ልክ ሥራ።

ራዶይካ ሞከረችው። ተገለበጠች፣ መነሣትም አቃታት። ስብሰባ ላይ መጣች።

«አጎቴ ጋቭሪሎ፣ ወንበሩ እኮ ምድጃ ሆነ! እባካችሁ ንቀሉልኝ። በዚህ ክብደት በረዶው ላይ ግራና ቀኝ አይታጠፍልኝም፤ ካልታጠፈ ማጣሪያው ቀረ።»

«ይነቀላል ልጄ፣ ምን ችግር አለ! የዶስታና ይነቀል። የሰጠችው አንዲት ዶሮ።»

«ዶሮዬ እንቁላል ትጥል ነበር! ያንተ አረቄ ግማሹ ውሃ!»

«የሟች አባቴን ስም ልትነቅሉ? ሰውዬውን ሁለቴ ልትገድሉት?»

«በቃ!» አለ ጋቭሪሎ። «ይነቀል የሚል እጁን ያውጣ።» ሁሉም አወጣ። «የራሴ ይቅደም የሚልስ?» እጅ ሁሉ ኪስ ገባ።

የማጣሪያው ቀን ለቀቋት። ክብደቱ ቁልቁል ይዟት ሲነጉድ፣ በዚህች ዓይኔ፣ ጥላዋ ከኋላዋ ቀርቶ ሲሯሯጥ አየሁ! ሕጉ በየባንዲራው ዙሪያ እየታጠፉ መውረድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን በክንዷ ጉልበት ዞረቻቸው። ከዚያ ወንበሩ እምቢ አለ። ባንዲራዎቹን ግራና ቀኝ ትታ፣ መድረሻውን አልፋ፣ የእንጨቱን አጥር በርቅሳ፣ የዳኞቹን የሾርባ ድስት ደፍታ ተገለበጠች። እንደሷ የፈጠነ አልነበረም። ዳኛው ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ባንዲራ የዘለለ ከውድድር ውጭ ነው።

መንደሩ እየጮኸ ቁልቁል ሮጠ። ራዶይካ ቀበቶዋ እንደታሰረ በጎኗ ተጋድማለች፤ ፊቷ በበረዶ ተለስኗል። ሰዎቹ ዙሪያዋን ተንበረከኩና በመዳፋቸው በረዶውን እየጠረጉ ስማቸውን ፈለጉ።

«የእኔ ሰሌዳ ሳትነካ አለች!»

«የእኔ ጥጓ ተጣመመች፣ እናንተ!»

«ተመስገን» አለ ጋቭሪሎ፣ «አንድም አልወደቀ።»

አክስቴ ዶስታና ብቻ ሻሿን ፈትታ የልጅቷን ፊት ጠረገች።

«ፍቱኝ» አለች ራዶይካ።

«ቀስ በሉ፣ ናሱን እንዳትጭሩት!» አለ አንዱ ከኋላ።

አሠልጣኙ ሌላ ልጅ ይዞ ሄደ። ወንበሩ አሁን ምንጩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ለፋሲካ ለፋሲካ በኮምጣጤ ይወለወላል፣ እንግዳ ሲመጣ ይጎበኛል። ራዶይካ ተራራው ሥር ካለችው ጠባብ ክፍል ለበረዶ ተንሸራታቾች ትኬት ትቆርጣለች። የእኛ መንደር ሰው ሲመጣ ቀና አትልም፤ ትኬቱንና መልሱን በመስኮቱ ትገፋለታለች።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በጌ እንዳይሸትብኝ አንዲቷን ላስተካክል፦ የዶስታና ሻሽ የእኔ ፈጠራ ነው። እሷም ስሟን ነበር የምትጠርገው።