የመስኮት በኩል ፊት

ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «አባባ፣ ተራዎ ደርሷል» ስትል ሹፌሩ ዞር ብሎ ከኋላው የተቀመጠ ሽማግሌ ፈለገ። ማንም አልነበረም። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ዕድሜው አርባ አራት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ግን «ሽማግሌው» ይሉታል። አዲሱ የስምሪት ኃላፊ እስኪመጣ ድረስ ይህ ቀልድ ብቻ ነበር። ኃላፊው በመጣ በሳምንቱ ሹፌሮቹን ግቢ ውስጥ አሰልፎ፣ ሃምሳ አምስት ያለፈው ሁሉ ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ እንደሚወርድ ነገራቸው። የእኛን ሰው መታወቂያ አየ፣ ፊቱን አየ፣ መልሶ መታወቂያውን አየ። ከሁለት አንዱ ይዋሻል ብሎ ለድርጅቱ ሐኪም ላከው። ሐኪሟ ዕድሜው ልክ ነው ካላለች መሪውን አስረክቦ በር ላይ ዘበኛ መሆኑ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ከመሪ ሌላ እጁ የለመደው ነገር የለም። እራት ላይ እንኳ ሳህኑን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ሚስቱ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ሳምንቱን ሙሉ ደንበኞቿን ትታ እሱን ያዘች። ፊቱን ማር ቀባችው፤ ያተረፈው ዝንብ ነው። ኪያር ቆርጣ ዓይኑ ላይ ብታስቀምጥለት አንስቶ በላው። ውሃ በላይ በላዩ አጠጣችው፣ ሲጋራውን ቀማችው። የሃያ ዓመት ጉዳይ ግን በሳምንት የሚነቀል አልሆነም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዛሬ ጠዋት ጢሙን ላጨችው፣ ሽበቱን አጠቆረችው፣ በመጨረሻም ሙሽሮችን በምትኳኩልበት ቅባትና ዱቄት የፊቱን ሽብሽብ ሁሉ ደፈነችው። መስታወት ሲያይ ታናሽ ወንድሙ የመጣ መሰለው። ደስ አለው፤ ትንሽም አፈረ።

ነርሷ እስክትጠራቸው የጠበቁበት ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ሙቀቱ ከላይ እየወረደ ይጋግራል። ላቡ ከግንባሩ ሲነሳ ሚስቱ በጥርሷ መሀል «እንዳትነካው» አለችው፣ ልስኑ ያልደረቀ ግድግዳ የሚጠብቅ ለሳኝ ይመስል። አልነካውም። ነገር ግን ላቡ ራሱ መንገዱን ያውቅ ነበር።

ተራው ሲደርስ ብቻውን ገባ። ሐኪሟ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ፣ ፊቷ ግን የተወለወለ ሴት ነበረች። አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ መለሰችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ጥጥ አርጥባ ጉንጩ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችና ጥጡን ዓይኑ ሥር አመጣችለት። ቡናማ ሆኗል።

አሁን መታወቂያውም፣ ፊቱም፣ እሱም ውሸታም ሆኑ።

«ይታጠቡ» አለችው ወደ ማጠቢያው እያሳየች።

ታጠበ። ዱቄቱ ወረደ፣ የፀጉሩም ቀለም ተከትሎ ወረደ፤ ነጩ ማጠቢያ የጭቃ ጎርፍ ያለፈበት መሰለ። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ሲመለስ ሐኪሟ መስኮቱ አጠገብ አቆመችውና በአንድ ወረቀት የግራ ፊቱን ሸፈነች። ነርሷን ጠርታ ይህን ሰው ስንት ዓመት ትሰጪዋለሽ አለቻት። ነርሷ አርባ ምናምን አለች። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዞረች። ነርሷ አመነታችና ስልሳ አምስት ብላ፣ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀችው።

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሲነዱ መስኮትዎ በግራ ነው አይደል አለችው። ፀሐይን መስታወት እንደማይመልሳት፣ ቆዳ የሚያስረጀው ጨረር አልፎ እየገባ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ጉንጭ ብቻ ሲበላው እንደኖረ ነገረችው። ዕድሜው ልክ መሆኑን ለኃላፊው ትጽፋለች። ሹፌሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ጣቷን ከአፉ ዙሪያ ወዳሉት መስመሮች፣ ከዚያም ዓይኑ ሥር ወዳበጠው ቆዳ ወሰደች። ይህ በሁለቱም በኩል አለ፤ ይህንን ፀሐይ ብቻዋን አላመጣችውም አለችው። ሲጋራውን አልካደም፤ ጣቶቹ ቢጫ ናቸው። ምግቡን ጠየቀችው። መንገድ ላይ ብስኩትና ለስላሳ ነው፣ ስኳሩ ያነቃል። ውሃስ? ውሃ አይጠጣም፣ ውሃ የጠጣ ሹፌር በየቦታው መቆም አለበት። ጭሱ ለቆዳ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች እንደሚያጠብ፣ የስኳር ብዛት ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ክር እንደሚያደርቀው፣ እንቅልፍ ያጣ ቆዳም ራሱን መጠገን እንደሚያቅተው በቀላል ቃል አስረዳችው። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ ሚስቱን አስጠራች።

«ባለቤትዎ ከጉዞ በፊት ይተኛሉ?»

ሚስቱ ገብታ የታጠበውን ፊት ስታይ ደነገጠች፤ ቢሆንም ወዲያው ተሰበሰበች። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል።

«እንደ ሕፃን» አለች። «አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ሳይጠግብ ወጥቶ አያውቅም፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። ነገሩ አልቆ ነበር፤ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ነገር ግን ባለፈው ወር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ዓይኑን የገለጠው ጎማው ጠጠር ላይ ሲንጫጫ ሰምቶ ነበር። መቼ እንደጨፈነው አያውቅም። መሪውን መለሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቷል፤ ከኋላው የተቀመጠች አንዲት አራስ ብቻ በመስታወቱ ትታየው ነበር። ልጇን ወደ ደረቷ ጠበቅ አድርጋ እስኪደርሱ ድረስ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። ይህንን ለማንም አልነገረም።

«ትዋሻለች» አለ። «ያስዋሸኋትም እኔ ነኝ። ሦስት ሰዓት ከተኛሁ ብዙ ነው። አንድ ሌሊት መሪ ላይ ተኝቼ ነበር።»

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

ሐኪሟ ዕድሜው ልክ ነው ብላ ጻፈች። ከሥሩም አገር አቋራጭ እንዳይነዳ፣ ቀን ቀን በከተማ መስመር እንዲሠራና ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ጨመረች። ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው አጠፈው።

መንገድ ላይ ሚስቱ ቀድማው ሄደች። የከተማ መስመር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ ገቢው ያንሳል፣ ቤቱ ይጠባል። አውቶቡስ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ አጠገቡ ተቀምጣ እንኳ አላየችውም።

«ያን ሌሊት አራሷ ብትጮህ ኖሮስ?» ብላ በመጨረሻ ጠየቀችው። ስለ አራሷ በመንገድ እየተከተላት ነግሯት ነበር።

ዞር ስትል፣ አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ፣ ጭንቅላቱ መስኮቱ ላይ ወድቆ ተኝቷል። የቀለሙ ርዝራዥ አንገትጌው ላይ ደርቋል። ፀሐይዋ ያንኑ ጉንጭ አገኘችው። ሚስቱ ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና ተወችው፤ ነጠላዋን አውርዳ በመስኮቱ ላይ ያዘች። ክንዷ ዛለ። መውረጃቸው ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ በሩ ተዘጋ። አልቀሰቀሰችውም።