ባለ ሁለት ቁልፍ ቦቴ

የሥራ መደቤ «አስተባባሪ» ይባላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ አለቆቼ ማስተባበር ማለት ሰሌዳ ላይ ክብና ቀስት መሣል ይመስላቸዋል። ገበሬው እዚህ፣ ወተት መሰብሰቢያው እዚያ፣ ፋብሪካው ወዲያ ማዶ፣ በመሃላቸው ቀስት። ግድግዳቸው ላይም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ለጥፈዋል። እኔ ግን የማስተባብረው በመቀመጫዬ ነው። ማለዳ ማለዳ የወተት ቦቴው ጋቢና ውስጥ በእናቴና በታችኛው መንደር ሰውዬ መሃል እቀመጣለሁ፤ ቅንጅት ማለት ይኸው ነው።

ላይኛውና ታችኛው መንደር የሚጠጡት ከአንድ ወንዝ ነው፤ ግን ዓይንና ናጫ ናቸው። በድርቁ ዓመት ከብት ማጠጫው ላይ ተጋጭተው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ከላይኛው መንደር ከሞቱት አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ኋላ ሽማግሌ ገባና ታረቁ ተባለ። እርቁ ከአፍ አልወረደም፤ እናቴማ ወደ አፏም አላስገባችውም።

የወተቱን ፕሮጀክት ይዤ ስመጣ ፋብሪካው ለጎደሎ ጭነት በሩን እንደማይከፍት ነገረኝ። አንዱ መንደር ብቻውን አይሞላውም። «አብራችሁ ጫኑ» ስላቸው «ከእነሱ ወተት ጋር? ለውሻ ብንደፋው ይሻላል» አሉ፤ በሁለቱም መንደር ቃል በቃል ያው መልስ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለፍኩበት ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይተርቡኝ ጀመር። እኔም እልኸኛ ነኝ። ስፈልግ ስፈልግ መሃሉ ላይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቦቴ አገኘሁ። ፊተኛው ክፍል ለላይኛው መንደር፣ ኋለኛው ለታችኛው ሆነ። በየክዳኑ ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ ከየመንደሩ አንድ ቁልፍ ያዥ ተመረጠና አብሮ እየተጓዘ እንዲጠብቅ ተስማሙ። ፋብሪካ ሳይደርስ ክዳን አይከፈትም፣ ወተትና ወተት አይነካካም። ፋብሪካው ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም።

የላይኛው መንደር ሰዎች እናቴን መረጡ። ወተቷን ከልጇ ገዳዮች ወተት ጋር ታደባልቃለች ብሎ የሚጠረጥራት ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ። እንዲያውም ታችኛው መንደር ማንን እንደመረጠ ስትሰማ፣ ማንም ሳይጠይቃት ራሷ «እኔ እሄዳለሁ» ብላ ተነሣች። ከታችኛው መንደር የመጣው ደግሞ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቃል የማይወጣው ሰውዬ ነው፤ ዝምተኛው ይሉታል።

ሁለቱ ለወራት አብረው ሲጓዙ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«እግሩን ሰብሰብ ያድርግ በይው» ትላለች እናቴ፣ እሱ እየሰማ።

«መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልን በያቸው» ይላል እሱ፣ እሷ እየሰማች።

ሹፌራችን ነፋሱ ይባላል፤ ዔሊ ስለሚቀድመው ነው። እሱ መሪውን ይዞ ለብቻው ይስቃል።

የዚያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ገና ሳንነሣ የፋብሪካው ወተት ተቀባይ ስልክ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ሁለት ጊዜ አጉድላችሁ አምጥታችኋል። ዛሬም ካጎደላችሁ ቦቴው ወደዚህ እንዳይመለስ። እኔም አለቃ አለብኝ።»

ወተቱ ከቆመ ሴቶቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ነጋዴ በጠራው ዋጋ ወደመሸጥ ይመለሳሉ፤ እሱ አንድ ነገር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላው ነበር። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ወንዙ እየቀጠነ ነው። ወተቱ ከቆመ ሁለቱን መንደሮች የሚያገናኛቸው ነገር ያው የከብት ማጠጫው ብቻ ሊሆን ነው።

ደግነቱ ጭነቱ ተሟላ። ፊተኛው ክፍል ከወገቡ በላይ፣ ኋለኛውም ግማሽ ድረስ ወተት ያዘ። ሁለቱ ተደምረው ፋብሪካው ከሚለው መጠን በደንብ ያልፋሉ። «ዛሬስ ወጣነው» አልኩ ለራሴ።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ገደሉ ዳር ያለው ጠጠር መንገድ ላይ ስንደርስ ከሥር አንድ ነገር ቋ! አለ። ነፋሱ ወርዶ ወደ ኋላ ዞረ። «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» እያለ ሲጮህ ተከትዬው ወረድኩ። ድንጋይ ተፈናጥሮ የፊተኛውን ክፍል ማውረጃ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ሰንጥቆታል። ወተቱ አቧራው ላይ ይንዠቀዠቃል።

ነፋሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ስሙ ሆነ። አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ስንጥቁን ጠመጠመው። ፍሳሹ ቀነሰ፤ አልቆመም። እጁን እየጠረገ ቀና አለና «ይህ እስከ ፋብሪካው አይቆይም። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ጭራሽ ይለቃል። ያለን መላ አንድ ነው። ፓምፗ አለች፣ ቱቦውም አለ። ከፊተኛው ስበን ወደ ኋለኛው እንገልብጠው፣ ቦታ አለው» አለ።

ለመገልበጥ ሁለቱም ክዳን መከፈት አለበት። ያ ማለት ወተትና ወተት ሊገናኝ ነው።

ዝምተኛው መሰላሉን ይዞ ቦቴው ላይ ወጣ። ጥቂት ቆም አለ። ነገ መንደሩ ምን እንደሚለው እያሰበ እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበባል። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና የኋለኛውን ክዳን ከፈተ።

«በእኛ በኩል ተከፍቷል በያቸው» አለኝ።

እናቴ ጋቢናው አጠገብ ቆማለች። ቁልፏን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ጨብጣዋለች።

«እማዬ፣ ስሚኝ...» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ፋብሪካው ነገርኳት፣ ስለ ሴቶቹ ነገርኳት፣ ስለ ወንዙ ነገርኳት። በየስብሰባው የማወራውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ አብሮ መሥራት፣ የጋራ ጥቅም፣ ያለፈው አለፈ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ወተቱ በጎማው ሥር አልፎ ወደ ገደሉ መንገድ ጀምሯል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል፤ ተቀባዩ መሆኑን አውቃለሁ፣ አላነሣሁትም።

ነፋሱ ጠጋ ብሎ «ብረት አለኝ፤ የክዳኑን ቁልፍ ልስበረው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እውነቱን ለመናገር ፈልጌ ነበር። እናቴ ናት፤ ቁልፉን ከእጇ መንጠቅም እችል ነበር። ግን የእናቴን ቁልፍ ሰብሬ ወይም ነጥቄ ብሄድ ነገ ከላይኛው መንደር አንድ ጣሳ ወተት የሚያመጣልኝ የለም። «ተው» አልኩት።

እናቴ ያን ጊዜ ቀና ብላ ቦቴው ላይ የቆመውን ሰው አየችው።

«አንተ» አለችው።

ለእኔ መስሎኝ «ምን ልበለው?» ብዬ ላደርስላት ተዘጋጀሁ። በእጇ ወደ ጎን ገፋ አደረገችኝ።

«አንተን ነው። ልጄ ሲሞት አጠገቡ ነበርክ አሉኝ። እውነት ነው?»

ሰውዬው ከላይ ሆኖ አያት። ከዚያ መሰላሉን ወረደና ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ነበርኩ» አለ።

እናቴ ለምን ራሷ ቁልፍ ያዥ እንደሆነች ያኔ ገባኝ። እኔ ሞኟ ለወተቱ መስሎኝ ነበር። ወራት ሙሉ፣ እዚያች ጋቢና ውስጥ፣ ይህቺን ጥያቄ አፏ ውስጥ ይዛ ነበር የተቀመጠችው።

«ወዲያው ሞተ፣ አልተሠቃየም ብለው ነገሩኝ።»

«ወዲያው አልሞተም።»

«ምን አለ?»

«‹ውሃ› አለ።»

የቦቴውን ጎን ተደገፍኩ፤ ብረቱ በፀሐይ ግሏል፣ እጄን ግን አላነሣሁም። ወተቱ ይፈሳል። ነፋሱ ከመነዳሪውን በሁለት እጁ አንቆ ከሥር ቁጢጥ ብሏል፤ በጣቶቹ መሃል ያመልጠዋል።

«ሰጠኸው?» አለች እናቴ።

አዎ በል፣ አዎ በል ብዬ በልቤ ለመንኩት። አዎ ቢላት ምን ይጎድልበታል? የሞተ ሰው መጥቶ አይመሰክርበትም። እሷም ትጽናናለች፣ ቁልፉም ይከፈታል፣ ወተቱም ይተርፋል። ከዚያ የቀለለ ቃል በዚያች ሰዓት አልነበረም።

«አልሰጠሁትም» አለ ዝምተኛው።

እናቴ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

«ኮዳው እጄ ላይ ነበር። ውሃ ነበረው። ወገኖቼ ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። ዞር እስኪሉ ልጠብቅ አልኩ። ዞር ሲሉ እሱ... አልፎ ነበር።»

እናቴ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱን ትቧጭራለች፣ ትወድቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ክሩን ከአንገቷ አወለቀች።

«ልጄን ያጠብኩት በእጄ ነው» አለች። «ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። አጠጣሁት ብትለኝ ኖሮ ይህን ቁልፍ ከዚህ ገደል ነበር የምወረውረው።» ቁልፉን ዘረጋችለት። «ይቅር አላልኩህም። እንካ፣ ክፈተው።»

ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀበላት። እግሯ ሥር ለማጎንበስ ሲቃጣ «ኧረ ወደዚያ፣ ወተቱ አለቀ!» ብላ ጮኸችበት፤ እየሮጠ ቦቴው ላይ ወጣ።

እኔ ግን በቆምኩበት ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ለሁለት መንደር ሰው «ያለፈው አለፈ» እያልኩ የሰበክሁት እኔ፣ እግሬ አልነሣልሽ አለኝ። ወንድሜ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወንዝ ያሻግረኝ ነበር። ያ ትከሻ መሬት ላይ ተዘርግቶ ውሃ ሲለምን ይህ ሰው ሙሉ ኮዳ ይዞ ቆሞ ነበር። ደሜ ፈላ። ከላይ ሆኖ የሚያደርገውን አየሁት፤ ክዳኑን ከፍቶ ቱቦውን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው አዘልቋል። ነፋሱ ፓምፑን አስነሣ። ቱቦው ወተት ሲገባበት እንደ እባብ ተወራጨ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይዘውም። አምልጦት የመጀመሪያው ወተት ቦቴው ጀርባ ላይ ተረጨ።

«አንቺ ምን ይገትርሻል?» አለችኝ እናቴ። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ድምፅዋ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ለሥራ የሚቀሰቅሰኝ ድምፅ ነው። «ወተቱ እኮ እየፈሰሰ ነው! ውጪና ያዢ!»

ወጣሁ። ተንበርክኬ ቱቦውን ያዝኩ። የእሱ እጅ ከላይ፣ የእኔ ከታች። የላይኛው መንደር ወተት በእጃችን ሥር እየዘለለ በታችኛው መንደር ወተት ላይ ወረደ። አንድ ጊዜ ከተገናኘ በኋላ የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ዓይን የለም። ነፋሱ ከሥር ሆኖ «እየሞላ ነው! ይደርሳል፣ በርቱ፣ ይደርሳል!» ይላል። ወተቱ በእርግጥም ከፍ፣ ከፍ እያለ መጣ፤ የፋብሪካውን መጠን አልፎ ወደ አፉ ተጠጋ። ሥራዬ ተረፈ። መንደሮቹም ለጊዜው ተረፉ። መደሰት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሰውዬውን በሕይወቴ ማንንም ጠልቼ በማላውቀው ጥላቻ ጠላሁት፣ ክንዴ ክንዱን እየነካ።

ቱቦው በእጄ ውስጥ መንሸራተት ጀመረ። እሱም አየው።

«ልጄ፣ ደክሞሽ ከሆነ ለእኔ ተይው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ልጄ አይበሉኝ» አልኩት።

ቱቦውን ግን አልለቀቅሁም።