ከመራራው ቀጥሎ የሚጠጣ

«ለኔም አንድ ቅጂልኝ፤ እትዬ ሳርሚ ትጠጣው የነበረውን» አለች ንጋቲና፣ ሩዝ የምትጠቀልልበትን የሙዝ ቅጠል ጭኗ ላይ እንደዘረጋች።

ቱሚራ ጠርሙሱን እንዳነሳች ቀረች።

እህቷ ሳርሚ ከተቀበረች ሰባተኛ ቀኗ ነው። ከመግሪብ በኋላ ወንዶቹ ለዱዓ ይመጣሉ፤ የመንደሩ ሴቶች ጓሮ ተሰብስበው እንግዶቹ ወደየቤታቸው የሚወስዱትን ምግብ ይጠቀልላሉ። አጎንብሰው ስለሚውሉ ወገባቸውን እንዳያማቸው ቱሚራ ጠዋት ጃሙ የሚባለውን የባህል መድኃኒት አፍልታላቸዋለች፤ እርድና ሁመር፣ መራራ ቅጠልም የገባበት። ጠርሙሶቿን በቅርጫት አዝላ በየደጁ ስትሸጥ የኖረችው ይህንኑ ነው። መራራውን ለጨረሰ ደንበኛ ጣፋጭ የዝንጅብል ውሃ በነጻ ትቀዳለታለች፤ የምሬቱ ማባረሪያ ነው። ጣቶቿ ውስጥ የገባው የእርድ ቢጫ የእህቷን ገላ ስታጥብም አልለቀቀም።

«ወገብሽን ነው?» አለቻት።

«የምን ወገብ!» ንጋቲና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «መጣልኝ እኮ! ካረጥኩ ስንት ዘመኔ! ለባሌ ገና አልነገርኩትም፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ልጅ ያምረዋል።»

ሴቶቹ ሰምተው ሳቁ። «ኧረ ልቅሶ ቤት ነው፣ እናንተ!» አለች አንዷ፣ እሷም እየሳቀች።

ቱሚራ አልሳቀችም። ሳርሚም በሕይወት ሳለች እንዲሁ ነበር ወደ ጆሮዋ የተጠጋችው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ድንገት የሚያነዳት ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በትንሹ መቆጣቱም በርዶላት ነበር። «ቱም፣ ደም አየሁ» አለቻት።

ቱሚራ አጨበጨበች። «እንኳን ደስ ያለሽ! መልሼ ልጃገረድ አደረግኩሽ!»

«አዋላጇን ልጠይቃት ይሆን?»

«እኔ እያለሁ? የጃሙ ሻጭ እህት ጤና ጣቢያ ተሰልፋ ከታየች ነገ ማን ከኔ ይገዛል?»

ሳርሚ ሳቀችና ተወችው። ቱሚራ በየደረሰችበት ደጅ «የእህቴን ደም የመለሰ ጃሙ!» እያለች ስትጣራ ጠርሙሶቿ ሳይረፍድ ባዶ ይሆኑ ጀመር። ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ሳርሚ ደግማ መጣች፤ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ጠረኑም ተለውጦ። ቱሚራ ቅጠሉን ጨመረችላት።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ሴት ካረጠች በኋላ የሚመጣ ደም የወር አበባ አይደለም። ጠብታም ቢሆን ያኔውኑ መታየት ነበረባቸው። ከማህፀናቸው የተነሳው ካንሰር አሁን ሌላም ቦታ ደርሷል።»

ከዚያ ወዲህ ሳርሚ ለጠያቂ ሁሉ «ጨጓራዬን ነው» ትል ነበር። ልጇን ኤንዳንም እንዳትናገር አስምላታለች። ቱሚራ አንድም ቀን «ለምን?» ብላ አልጠየቀቻትም። ለማን ቅርጫት ስትል እንደሆነ ታውቃለች።

አሁን ኤንዳ ከምድጃው አጠገብ ቆማ አክስቷን ታያለች።

«ምነው፣ ለኔ ሲሆን ሰሰትሽ?» አለች ንጋቲና ብርጭቆዋን ዘርግታ።

«እትዬ የሞተችው በጨጓራ አይደለም።»

የቅጠሉ ኮሽታ ቆመ።

«በማህፀኗ ነው። ያ የመጣላት ደም በሽታ ነበር። አዋላጇ ጋ ልሂድ ስትለኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይሄ ለልጃገረድ ቁርጠት ይሆናል፤ ላንቺ አይሆንም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስድሻለሁ።»

«ነገማ ገበያ ነው…»

«ነገ ነው ያልኩሽ፣ ንጋቲና!»

ቅድም ስትስቅ የነበረችው ሴት በግማሽ የጠጣችውን ብርጭቆ መሬት አስቀምጣ በጣቷ ገፋ አደረገችው። ቱሚራ አየቻት። ለንጋቲና የዝንጅብሉን ውሃ ቀዳችላት። ሳርሚ በመጨረሻው ሰሞን የሚወርድላት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ የተረፈውን መራራ ለራሷ ገልብጣ፣ እስከ አተላው ጠጣችው።

ኤንዳ ከምድጃው መጥታ የጣፋጩን ጠርሙስ አነሳች። «እንኪ፣ አክስቴ።»

ቱሚራ የብርጭቆዋን አፍ በቢጫ መዳፏ ከደነችው።