የቆመችው ላንድሮቨር

መስከረም ሃያ ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነቀምት ፀሐይ ወጥቶባት ካፊያው ግን ገና አላባራም ነበር።

ጆቴ ጉሉማ ደብዳቤውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ በኢንሹራንስ ወኪሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ወኪሉ ወንበር አሳየው፤ አልተቀመጠም።

«ይህን የጻፈው ሰው መኪናዬን አይቷት ያውቃል?»

ወኪሉ አቶ ዓምደሚካኤል ማንበብ አላስፈለገውም። ደብዳቤውን ከአዲስ አበባ ተቀብሎ የላከለት እሱው ነው። የአዲሱ ዓመት ክፍያ በእጥፍ ጨምሯል። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ስለ ደረሰ አደጋ።

«ኦቦ ጆቴ፣ ኩባንያው አጥፍተዋል አላለም። አደጋ ደርሶብዎታል ነው ያለው።»

«ቆማ ነበር! ኡኬ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ። የዋጋሪ ጭነት መኪና ፍሬኑ ለቆ ከዳገቱ ወረደባት። የቆመችው ጥፋት የለባትም ብሎ ፖሊሱ ጽፏል። ከመቆም በላይ ምን ትጠንቀቅ? ከርሞ ዛፍ ላይ ልስቀላት?»

«ከዛፍ ለሚወድቅም ክፍያ አለ» አለ ዓምደሚካኤል። ጆቴ አልሳቀም። «ይስሙኝ። የጥገናውን ወጪ ኩባንያው ከፍሏል። ያንን ከዋጋሪ ቢያስመልስ ኖሮ አደጋው በዋጋሪ ስም ይመዘገብ ነበር። እርስዎ ግን በጽሑፍ ማሩት።»

እውነት ነው። በግንቦት ወር ሰባት የአገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ጆቴ ደጅ ቆሙ፤ ዋጋሪ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሣር የያዘ ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም። ጆቴ ሣሩን ተቀበለ፤ በግ ታረደ፤ «ከእንግዲህ ዋጋሪን አልጠይቅም፤ በእኔ ስምም ማንም አይጠይቀውም» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። ያ ቃል ኩባንያውንም እንደሚያስር አላሰበም።

«እርስዎም ነበሩ» አለ ጆቴ። «ከበጉ በልተዋል።»

«እንደ ጎረቤት ነው የበላሁት።»

«እጅዎን ሲታጠቡ ይህን ደንብ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሽማግሌ ሲናገር ይቋረጣል?»

ጆቴ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ያዘ። ላንድሮቨሯን የገዛት በዱቤ ነው። ከነቀምት ወደ ዲጋና ወደ ኡኬ ሰው ያመላልስባታል፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ብቻ ነው። በሽያጩ ውል መሠረት ኢንሹራንሷ አንድ ቀን ከተቋረጠ ሻጩ ይወስዳታል። ኢንሹራንሷ ሊያበቃ የቀሩት አራት ቀናት ናቸው። ክረምቱን ሙሉ መንገዱ ተቆርጦ ስለ ከረመ እጥፉ ቀርቶ የአምናው ያህል ገንዘብ እንኳ በስንት ልመና ነው የተሟላው።

«ዋጋሪ ቢያግዝዎትስ?»

«አልጠይቅም ብዬ ሣር ተቀብያለሁ። የእሱ ክፍያስ ስንት ገባ?»

ዓምደሚካኤል በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። «የእሱ ኩባንያ ሌላ ነው። የጠየቀው ስለሌለ ግን መዝገቡ ንጹሕ ነው። አይጨምርበትም።»

«የገጨው ንጹሕ፤ የተገጨው ባለ ዕዳ!» ጆቴ ጮኸ። በረንዳው ላይ ዝናብ የተጠለሉት ሰዎች ዞሩ። «ይህንን ሒሳብ የት ነው የሚያስተምሩት?»

«ቀስ ይበሉ። መንገድ አለ።» ወኪሉ ከመሳቢያው የተተየበ ወረቀት አወጣ። «ዕርቁን የፈረምኩት ተገድጄ ነው ይላል። እዚህ ላይ ከፈረሙ ኩባንያው ዋጋሪን ይከሳል፤ ክፍያዎም ወደ አምናው ይመለሳል። ወረቀቱ እስከ መስከረም ሠላሳ ድረስ ይጠብቅዎታል።»

ጆቴ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበው።

«ማን አስገደደኝ ልበል? ሰባቱ ሽማግሌዎች? በስማቸው?»

«በስማቸው።»

«ከመካከላቸው አንዱ የሚስቴ የድርቤ አባት ናቸው።»

«ወረቀት ነው፣ ኦቦ ጆቴ። ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበብኩት» አለ ጆቴ። ወረቀቱን አገላብጦ አስቀመጠውና በካፊያው ውስጥ ወጣ።

ጥቅምት ሦስት ቀን የሻጩ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ላንድሮቨሯን ነድቶ ሄደ።