ያልተጠየቀው ማሳ

«ጽሑፍዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለው የጆርናሉ መልእክት የመጣው ጽሑፉን በላከች በሳምንቱ ነበር። የአፈር ተመራማሪዋ ደጋግማ አነበበችው፤ ደስታው ግን አልመጣ አላት። ጽሑፉ አንድ ቀዳዳ እንዳለበት ከማንም በላይ ታውቃለች። ከሙከራ ማሳዎቿ አራተኛውን ጎርፍ ወስዶት፣ የሰንጠረዡ አንድ ዓምድ ባዶ ቀርቷል። ያን ባዶ ቦታ አይቶ «ይህ ምን ሆነ?» ያላለ ሰው ጽሑፉን አላነበበውም። መልእክቱ ደግሞ ስለ ማሳው አንዲት ጥያቄ የለውም።

አማካሪዋ ጋ ሄደች። ሽማግሌው ፕሮፌሰር የፅዳት ሠራተኞቹ የሚረግሙትን ሥራ ይዘዋል፤ ቢሮ ውስጥ አፈር ይነፋሉ።

«ጮቤ አልረገጥሽም እንዴ?» አሏት። «እኔ በአንቺ ዕድሜ ከዚሁ ጆርናል እሺታ ሳገኝ ጎረቤት አላስተኛሁም።»

«ፕሮፌሰር፣ ጆርናሉ ሐሰተኛ ይመስለኛል።»

ወንፊቱ ቆመ። «ይሄ?» አሉ፣ መደርደሪያው ላይ ወደተጠረዙት ቅጾች በአገጫቸው እየጠቆሙ። «የመጀመሪያ ሥራዬ የወጣበት? አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን የገዛ ጥላሽን መታወቂያ ትጠይቂያለሽ!»

«ካለው ያሳየኛ!»

ሊስቁ ብለው ተዉት። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የባለቤትነት መብት ማስተላለፊያ ቅጹን እስከ ማታ ፈርሜ እንድልክ ጠይቀዋል። ፈርሜ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ለመመረቂያዬ አይቆጠርልኝም፤ አንዴ ስለወጣም ሌላ ቦታ አይቀበሉኝም። የዓመታት ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አራግፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጆርናሉ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈውን፣ በታመነ ማውጫ መመዝገቡን የሚናገረውን አርማ አልነካችውም፤ አርማ ማንም ይለጥፋል። ከመደርደሪያው አንድ ቅጽ አውርዳ በሽፋኑ ውስጥ የታተመውን መለያ ቁጥር አየች። የታመኑ ጆርናሎች የሚመዘገቡበትን ማውጫ ራሷ ከፍታ ቁጥሩን አስገባች። የጆርናሉ ስም ብቅ አለ።

«አላልኩሽም!» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ይቆዩ። ስሙ ኖሮ የተሰረዘ ብዙ ነው።» ዓመቱን ተመለከተች። «አልተሰረዘም። የዘንድሮ ጽሑፎችም አሉ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«አድራሻው።» ማውጫው ላይ የተጻፈውን ድረ ገጽ ከፈተችና ጽሑፏን ከላከችበት ጎን አስቀመጠችው። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ የሽፋኑ ቀለም ሳይቀር አንድ ነው። አድራሻቸው ግን ይለያያል። የላከችበት ገጽ የመጨረሻ እትም ስለ ባንክ ደንበኞች እርካታና ስለ ጥርስ ሕመም ይተርካል። ከእነዚህ አንዱም ማውጫው ውስጥ የለም።

«በአፈር ጆርናል ጥርስ?» አሉ ፕሮፌሰሩ። ወዲያው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይህን አድራሻ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ግብዣ ልከውልኝ ነበር፤ ስሙን ሳይ አመንኩ።»

«እኔም አምኜ ልኬያለሁ፤ አብረን ነው የተሸወድነው።»

ገጹ ላይ ዋና አዘጋጅ ተብለው የሰፈሩት የፕሮፌሰሩ የድሮ ባልደረባ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ ስልክ መቱ።

«ስማ፣ አንተ አሁንም ዋና አዘጋጅ ነህ?»

«ከሆንኩ ለእኔም አልነገሩኝም!» አለ ድምፁ። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማዘጋጀው የልጅ ልጆቼን ቁርስ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም፤ ገጹ የእውነተኛውን ጆርናል ስምና ቁጥር የሰረቀ ነው። የመብት ማስተላለፊያ ቅጹን አልፈረመችም፤ ጽሑፏን መልሳ መውሰዷን ለሐሰተኛው ገጽ ባለቤቶች በአጭሩ ጻፈችና ለእውነተኛው ጆርናል ላከች።

መልስ እስኪመጣ ወራት አለፉ። የመጣ ዕለት የፕሮፌሰሩን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

«ጠየቁ!»

«ምን ጠየቁ?»

«ማሳውን! ገምጋሚው ገና በመጀመሪያው መስመር 'አራተኛው ማሳ የት ገባ?' ይላል። ከዚያ በታች ገጽ ሙሉ ወቀሳ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ወንፊታቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ አሁን ጮቤ ርገጪ።»

«መጀመሪያ ልመልስላቸው» አለችና ወንበሩን ሳበች።