በወረቀቱ ላይ ያለች ልጅ

ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው የሚል ሰው የአቃቂን ክረምት አያውቀውም። ተማሪ ያርፋል፤ እሱ እውነት ነው። እኛ የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ግን ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ወገባችንን ቀና አናደርግም። ዝናቡ ከሐዲዱ ሥር ጠጠሩን ይጠርጋል፤ እኛ በአካፋ እንመልሳለን፤ በማግስቱ ደግሞ ይጠርገዋል። በ1957 ክረምት አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ የሚጥለኝ ሰው ሆኜ ነበር።

ባለቤቴ መሰለች ደግሞ በዚያ ክረምት አንድ ነገር ያዘች። ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ቤት ውስጥ ታፍነው መክረም የለባቸውም አለች። ከጣቢያው ጀርባ ያለው የሠራተኛ ሰፈራችን በጭቃ ተይዟል፤ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ይውላሉ። የእገሌ ልጆች ሳሪስ አያታቸው ዘንድ ሄደው ይፈነጫሉ፣ የእገሊት ልጅ ከአባቱ ጋር በየእሁዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ የእኛዎቹስ ምን በደሉ ትለኛለች። ደክሞኛል ማለት ደግሞ እሷ ፊት አያዋጣም፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ ጥጥ ፋብሪካ ቆማ ነው የምትውለው።

እኔም ዱሮ አጥማጅ ነበርኩ። እሁድ እሁድ መንጠቆዬን ይዤ አቃቂ ወንዝ ዳር ስቀመጥ ድካሜ ሁሉ ይለቀኝ ነበር። ትል የምትቆፍርልኝ ልጄ አስካለማርያም ነበረች። ትሉን በጣቷ ይዛ ወደ ፊቴ እያስጠጋች ታስፈራራኛለች፤ እኔም የፈራሁ መስዬ እሸሻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በኩፍኝ ሞተችብን፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንጠቆውን አልነካሁም። እሁድንም እንቅልፌን ስለጥጥ ነው የማሳልፈው።

አሁን ቤታችን ሁለት ልጆች አሉ። ሳህሌ አምስት ዓመቱ ነው፤ የእኛ ነው። ዳሲቱ አሥር ዓመቷ ነው፤ የጀቤሳ ልጅ ናት። ጀቤሳ ከእኔ ጋር አሥራ አራት ዓመት አንድ ሐዲድ ላይ አካፋ የያዘ ጓደኛዬ ነበር። ሚስቱ ቀድማ ሞታለች፤ ባለፈው ኅዳር እሱም በሳንባ በሽታ ሲያርፍ መሰለች ልጅቱን ከለቅሶው ቤት እጇን ይዛ አመጣቻት። ይሁን አይሁን ብሎ የተወያየ ሰው አልነበረም። ዳሲቱ ዝምተኛ ናት። እኔን ጋሼ፣ መሰለችን እትዬ ትላለች፤ ምግብ ሲቀርብ ብዪ እስክትባል ድረስ እጇን አትዘረጋም። መሰለች ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ልጅቱ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች ትላለች።

ባቡሩ ለሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ የቤተሰብ የነጻ መሳፈሪያ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ የአባት፣ የእናትና የልጆች ስም ተጽፎ ይመጣል፤ ስሙ የሌለበት በነጻ አይሳፈርም። መሰለች ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ ሄደን ሐይቅ ዳር እንድንውል ወሰነች። ዳሲቱ የባቡር ጩኸት እየሰማች ያደገች ልጅ ሆና አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራ አታውቅም። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ የመሰለች ጥያቄ አንድ ሆነ፤ የዳሲቱን ስም አስገብተሃል ወይ?

አስገብቻለሁ አልኳት። ውሸቴን ነው።

ሄጄስ ነበር። ሁለት ጊዜ ለገሃር ድረስ ሄጄ ቢሮው መስኮት ፊት ተሰልፌያለሁ። አዲስ ልጅ ለማስገባት የቤተሰቡ ቅጽ እንደገና ይሞላል፤ ጸሐፊው የተመዘገቡትን ልጆች አንድ በአንድ እየጠራ አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቃል። አስካለማርያም ደግሞ ከዚያ መዝገብ አልወጣችም ነበር። መሞቷን ለቢሮው አልተናገርኩም። ቀብረናታል፣ አርባዋን አውጥተናል፣ ሙት ዓመቷን አስበናል፤ ያ መዝገብ ግን እስካሁን አለች ይላል። ተራዬ ሲደርስ ሞታለች ማለት አቃተኝ። በመጀመሪያው ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ምንም ሳልል ወጣሁ። ለሚሰማው ሰው ጅልነት ይመስላል፤ ጅልነትም ነው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ እኔ ግን ላሳምራት ፈልጌ አልነበረም። ስሟ አንድ ቦታ ላይ ከሕያዋን ጋር ተጽፎ እንዲቆይልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ወረቀቱ በነሐሴ መጀመሪያ መጣ። ቀናው፣ መሰለች፣ አስካለማርያም፣ ሳህሌ። አራት ሰው። እኛም አራት ነን። ያኔ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣልኝ።

መሰለች ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ስታየው እንደ ጸበል ጠርሙስ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ የዳሲቱ ስም የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ አለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቴን አኖርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንግዲህ። በማግስቱ ዳሲቱን ለብቻዋ ወደ ጓሮ ጠርቼ፣ ባቡር ላይ አስካለማርያም ተብሎ ከተጠራ አቤት እንድትል፣ ለእትዬዋም ምንም እንዳትናገር አዘዝኳት። ለምን አላለችኝም። ውሃ ቅጂ የተባለች ያህል ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ ከሥራ ስገባ ጓሮ ውስጥ ሰሃን እያጠበች ለራሷ በቀስታ አቤት፣ አቤት ስትል ሰማኋት። ስትለማመድ ነው። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ግን ምን አለበት፣ ለአንድ ቀን ነው፣ ደግሞ በእሁዱ ባቡር ላይ የሚሠሩት የማያውቁን ሰዎች ናቸው፣ ወረቀቱንም እኔ ቀድሜ ካሳየሁ ስም የሚጠራ አይኖርም እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ቅዳሜ ማታ ወንዙ ሞልቶ ከድልድዩ ወዲህ ያለውን መሬት ቦረቦረው። ተጠርተን እስኪነጋ ጠጠር ስንሞላ አደርን። ቤት ስገባ መሰለች ኪዳን አድርሳ ተመልሳ፣ ዳቦውንና የተቀቀለውን ድንች ጠቅልላ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ሞልታ፣ ልጆቹን አጥባና አልብሳ ጨርሳለች። ለሌላ እሁድ ብናደርገውስ አልኳት። ዛሬ ካልሄድን አንሄድም፤ ጳጉሜ ሲያልቅ የወረቀቱም ጊዜ ያልቃል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል አለች። የእሷም ዓይኖች በድካም ቀልተዋል። ሁለት የደከሙ ሰዎች ለመዝናናት ሲነሡ ማየት ያሳዝናል። መንጠቆዬን ከጣሪያው ሥር አውርዳ አስጨበጠችኝና ወጣን።

ሊቶሪናው፣ የመንገደኛው ባቡር፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ አልፎ መጣ። ዳሲቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሳህሌም ጭኗ ላይ ወጣ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የመስኮቱን ብረት ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሰፈራችን ወደ ኋላ ቀረ፤ የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫዎች ቀሩ፤ ከዚያ የገበሬዎቹ አረንጓዴ ማሳ ሲመጣ ልጅቱ ፈገግ አለች። እኛ ቤት ከገባች ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። መሰለችም አይታ እኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ደስ አለኝ፤ ውሸቴ ይህን ካመጣ ግድ የለም አልኩ። ከዚያ ወንበሩ ሞቀኝና እንቅልፍ ወሰደኝ። ወረቀቱ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

የነቃሁት በስሟ ነው።

"አስካለማርያም ቀናው" አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

"አቤት" አለች ልጅ።

እውነቱን ልናገር። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ ልጄ ናት ብዬ አመንኩ። ሁለት ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ አልሞተችም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ዳሲቱ እንደ ተማሪ እጇን አንሥታ ተቀምጣለች። መሰለች እንዳልነቃ ብላ ወረቀቱን ራሷ ከኪሴ አውጥታ ሰጥታ ኖሯል፤ የሰጠችበት እጅ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ወረቀቱን የያዙት ደግሞ ጋሼ ገብረጻድቅ ናቸው።

ጋሼ ገብረጻድቅ የዕቃ ባቡር ሰው ነበሩ፤ ወደ መንገደኛው ባቡር ተቆጣጣሪነት መዛወራቸውን አልሰማሁም። የአስካለማርያምን ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ አብረውን ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አዩ፣ ዳሲቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ የሽማግሌ ነገር፣ ወረቀቱን በቀስታ አጥፈው፣ ይሁን፣ አራት ናችሁ፣ በሰላም ዋሉ ብለው ሊያልፉ ሆነ።

ዝም ብንል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ዝም ማለትን እችልበታለሁ። መሰለች ግን እጅጌያቸውን ያዘች።

"ጋሼ ገብረጻድቅ፣ ልጄን አብረውን ቀብረዋታል" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ይህች ዳሲቱ ጀቤሳ ናት። በሟች ስም አቤት አያስብሏት።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"የሞተችዋን አለች ብለህ፣ ያለችዋን የለችም አሰኘሃት" አለችኝ።

ዳሲቱ ማልቀስ ጀመረች። ያጠፋችው እሷ መስሏት፣ ቶሎ አቤት ማለቷን፣ ድምፅዋም ይሰማ እንደነበር እየተንተባተበች ለመሰለች ታስረዳለች። እኔ እንዳስጠናኋት ግን አልተናገረችም። ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ሰው በልጅ ትከሻ ተሸሽጎ እንዲህ ሲያፍር ለማንም አያሳየው።

ጋሼ ገብረጻድቅ አጠገቤ ተቀመጡ። ነገሩ ፊታቸው ከተነገረ ወዲያ እንዳላዩ ማለፍ እንደማይችሉ ረጋ ብለው ነገሩኝ። ለልጅቱ ቲኬት ይቆረጥላታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ደግሞ ባለወረቀቱ ራሱ ሰርዞ መፈረም አለበት። ቲኬቱን መሰለች ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች። ብዕሩን እኔ ተቀበልኩ። ዱከም ደረስን፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፤ እኔ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቀረሁ። ሌሊቱን ሙሉ ጠጠር ያነሣ እጅ አንዲት መስመር ማስመር አቃተው። ጋሼ ገብረጻድቅ አላጣደፉኝም። መሰለችም አልገፋችኝም፣ አላጽናናችኝም፤ ትጠብቅ ነበር። ባቡሩ ከዱከም ወጥቶ ብዙ ከሄደ በኋላ ሰረዝኩት። መስመሩ ጠማማ ሆነ። ከጎኑ ፈረምኩና እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ፤ በቀብሯ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሰማዩ ከፈት ብሎ ነበር። ሌሎች ቤተሰቦች ኳስ ይራገጣሉ፣ ልጆች ገመድ ይዘላሉ፤ እኛ ከቀብር የተመለስን እንመስላለን። መሰለች ጋቢዬን ሣሩ ላይ አንጥፋ ዳቦውን ቆረሰች። የእኔንም ድርሻ ሰጠችኝ፤ ግን አታናግረኝም። ሳህሌ ምንም ስላልገባው ጠጠር እየለቀመ ወደ ውሃው ይወረውራል፤ ከእኛ ሁሉ ክረምቱን የተጠቀመበት እሱ ብቻ ነው።

ከነሱ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መንጠቆዬን ጣልኩ። ቢይዝም ባይዝም ግድ አልነበረኝም፤ አጥንቴ ድረስ ደክሞኛል። ነገ ለገሃር እሄዳለሁ፣ ቅጹን እሞላለሁ፣ ጸሐፊው ሲጠይቀኝ የለችም እላለሁ፣ ከዚያ የዳሲቱን ስም እሰጣለሁ ብዬ አሰብኩ። የለችም የሚለውን ቃል ውሃውን እያየሁ ደጋግሜ በቀስታ ተናገርኩት። እየቆየ ቃል ብቻ ሆነ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ክሩ ተሳበ። ትልቅ ባይሆንም ደህና ዓሣ ነው፤ ሳወጣው ሣሩ ላይ ይዘል ጀመር። ብቻዬን ላየው አልፈለግሁም። ዞር ብዬ "ዳሲቱ" ብዬ ተጣራሁ።

ሰማችኝ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ግን አልተነሣችም፣ አቤትም አላለችም። ምን ማለት እንደሚገባት ያላወቀች መስላ መጀመሪያ የመሰለችን ፊት አየች።

መሰለች ከባቡር ከወረድን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያ የልጅቱን ጸጉር ከግንባሯ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ "ሂጂ ልጄ፣ አንቺን ነው" አለቻት።