ከማን በፊት?

አሰግድ የስደተኛ ወረቀቱን መልሶ በኬንያዋ ሞያሌ ነዋሪ ከሆነ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ቋሚ ሥራ ግን ቀምሶ አያውቅም። ማንያታ ሰፈር ያለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሮት፣ እነሆ ሦስተኛው ወር ዛሬ አለቀ። ከናይሮቢ የመጣችው ኃላፊ ጆይስ ፈተናዋ አንድ ነው፤ አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሰው ሳይነካቸው ከዋናው ማሽን ትእዛዝ ተቀብለው ራሳቸውን ያሰናዱ። ካሰናዱ ይቀጠራል፤ ካልሆነ ክዋሄሪ፣ ደኅና ሁን ነው።

አሰግድ ሙያ አያንሰውም፤ ኩራት ግን ትንሽ ይተርፈዋል። ትእዛዙን ከላይ ወደ ታች አሳምሮ ጻፈው። ፕሮግራሙ ይጫን፣ የቅንብር ፋይሉ ይቀመጥ፣ በመጨረሻ አገልግሎቱ ይጀምር። ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ሶፍትዌር ግን የመስመር ተራ አያከብርም፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም በግልጽ ካልነገሩት እንዳሻው ነው። ስለዚህ አሰግድ ከፋይሉ ሥር «ቢፎር፦ ፕሮግራሙ»፣ ከአገልግሎቱ ሥር ደግሞ «ቢፎር፦ ፋይሉ» ብሎ በእንግሊዝኛ አስገባና ቁልፉን ተጫነ።

አንድም ኮምፒውተር አልተሰናዳም። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! ጆይስ ስልክ ሲደወልላት ወደ ውጭ ወጣች።

ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ዙሌይካ የሄሉ ሰፈር ልጅ ናት። እዚያው ማሠልጠኛ ተመርቃ፣ ሥራ ጠፍቶ ነው ወረቀት ስታገላብጥ የምትውለው። በአሰግድ ትከሻ በኩል አየት አደረገችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ቢፎር እኮ በስዋሂሊ ካብላ ማለት ነው። ካብላ ያ ፕሮግራም! ፋይሉን ከፕሮግራሙ በፊት ሂድ ብለውታል።»

አሰግድ መስመሩን ደግሞ አነበበ። እሱ በአማርኛ ነበር ያነበበው፤ በፊት፣ ሁለት ነጥብ፣ ፕሮግራሙ። በፊት የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው ማለቱ ነበር። ለማሽኑ ግን ሁሉም ተገልብጦ፣ ያልተጫነውን ጀምር ተብሎ ኖሯል። ክፉኛ አፈረ።

ፕሮግራሙ ከፋይሉ፣ ፋይሉም ከአገልግሎቱ እንዲቀድም ቃሎቹን አቀያየረና ቁልፉን ተጫነ። ጆይስ ስትመለስ አሥራ ሁለቱም ተሰናድተው ጠበቋት።

«ጥፋቱን ማን አገኘው?» አለች።

ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል። የሥራ ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ «እኔ» ቢል ዙሌይካ አትከራከረውም፣ እንዲያውም አቀርቅራ ወረቀት ትደረድራለች። አሰግድ ግን ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ዙሌይካ» አለ።

ጆይስ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ሳትደናገር መለሰች። ከዚያ ጆይስ የቅጥሩን ቅጽ ከቦርሳዋ አውጥታ ዙሌይካ ፊት አኖረችው።

«ጋሼ፣ ለምን ነገሯት?» አለች ዙሌይካ እንባዋ መጥቶ።

እውነት ለመናገር አሰግድን በጣም ቆጨው። እንደገና ቢጠየቅ ያንኑ ስም እንደሚጠራ ያውቃል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።